የበዓል ቀን ተማሪዎች

ኅዳር ፫ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

እኔ የሻረግ ገብረ ማርያም፣ ዕድሜዬ ዐሥራ አምስት፣ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በሙሉ ጤንነቴና በሙሉ አእምሮዬ ሆኜ የሚከተለውን ኀጢአት እናዘዛለሁ። ይህ ደብተር የእኔ አይደለም። የሦስተኛ ክፍሉ የምህረቴ ነው። መንግሥት የሰጠው ለእሱ ነበር፤ እኔ ከዕቃ ቤቱ ሣጥን አንሥቼ በነጠላዬ ሸፍኜው ወጣሁ። የነፍስ አባታችን ቢሰሙ አርባ ስግደት ያዙኛል። ምህረቴ ግን አይከሰኝም፤ ገና አልተወለደማ።

አባባ ነው የወለደው፤ በቀለም፣ መዝገብ ላይ። እንደ ምህረቴ ያለ ተማሪ ደግሞ በአገው ምድር ሁሉ አይገኝም። ቀርቶ አያውቅም፣ አርፍዶ አያውቅም፣ ጠመኔ ሰርቆ አያውቅም፣ አፍንጫውን በእጅጌው ጠርጎ አያውቅም። እንደ እሱ ያሉ በየክፍሉ ሞልተውናል። ትምህርት ቤቱን የምናሰድበው በሕይወት ያለነው ብቻ ነን።

አባባ ዲሬክተር ነው። ከደብረ ማርቆስ ተነሥተን እዚህ እንጅባራ አጠገብ ከሰፈርን አምስተኛ ዓመታችን ነው። በፊቱ «እርስዎ» እለዋለሁ። እዚህ ግን ደብተሩ የእኔ ስለሆነ፣ ማለቴ የምህረቴ ስለሆነ፣ «አለ» እለዋለሁ።

ለምን መጻፍ ጀመርኩ? ወሬ ስለበዛብኝ። ድሮ ወሬዬን የምትቀበለኝ ካሳነሽ ነበረች። አንድ ወንበር ላይ ነበር የምንቀመጠው። በጥቅምት ተስቦ ያዛትና ሳምንት ሳትቆይ ሞተች። አሁን ወንበሩ ሙሉውን የእኔ ነው። ይመቻል። ክንድ እንደ ልብ ይዘረጋበታል።

ኅዳር ፲

ዛሬ ቤታችን ጉባኤ ሆኖ ዋለ። ከዳንግላ፣ ከአውራጃው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ትእዛዝ መጥቷል። ከመቶ ሃምሳ ተማሪ በታች ያለው ትምህርት ቤት አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል አይኖረውም፤ መምህራኑም ወደ ሌላ ይነሣሉ። ወሬ እንዳይሆን ኢንስፔክተር መጥቶ ራሱ ይቆጥራል። አባባ ለዳንግላ የጻፈው ሁለት መቶ ምናምን ነው። እውነተኛው ግን፣ እንዲህ እንደ አሁኑ አጨዳ ሲገባ፣ ዘጠና ከሞላ አባባ ለማርያም ጧፍ ያበራል።

ተሰብሳቢዎቹ ሦስት ነበሩ። አንደኛው አባባ፣ ከመጨነቁ የተነሣ ሻዩን በጨው የጠጣ። ሁለተኛው መምህር ነጋ፣ ከማሠልጠኛ ከወጣ ዓመት ያልሞላው፣ አንገቱ ቀጭን ከረባቱ ሰፊ። ሦስተኛው የአገሩ ሽማግሌ ግራዝማች ስማቸው። ግራዝማች ጉባኤ ላይ ይተኛሉ። ስለ መሬት ቢሆን ይተኛሉ፣ ስለ ድልድይ ቢሆን ይተኛሉ፤ የመጨረሻውን ቃል የሚናገሩት ግን ሁልጊዜ እሳቸው ናቸው። እኔ ከመጋረጃው ወዲያ ሽንብራ እለቅማለሁ ብዬ ጆሮዬን እዚያ አድርጌ ነበር።

አባባና ነጋ ተከራክረው ተከራክረው ሲደክማቸው ግራዝማች ነቁ። ጭራቸውን አንዴ አወናጨፉና፣ ልጁማ አለ፣ የትም አልሄደም፣ ሥራ ይዞት ነው እንጂ፣ ሥራ በማይሠራበት ቀን ጥሩት አሉ። እውነት ነው። እዚህ አገር በሚካኤል፣ በማርያም፣ በባለ ወልድ ቀን በሬ አይጠመድም፣ ማጭድ አይነሣም። አባቶች ራሳቸው ከብቱን ያያሉ፤ ልጁ ሥራ ፈት ሆኖ ይውላል። እንግዲህ ኢንስፔክተሩ ለኅዳር ጽዮን ይጋበዝ፤ የተመዘገበውም ያልተመዘገበውም ልጅ ያን ቀን ይሰብሰብ። ጎረቤት ሲቸግረው በሬ እናውሰዋለን፣ ልጅ ብናውሰው ምን ክፋት አለው ብለው ጠየቁ።

ነጋ ቀስ ብሎ፣ «በሬው እኮ ያርሳል ግራዝማች። የተዋስነው ልጅ ምን ይሠራል?» አላቸው።

«ይቀመጣላ» አሉና ተመልሰው ተኙ።

አባባ አልሳቀም። እኔ አፌን በሽንብራ ሞላሁት።

ኅዳር ፲፰

በጥድፊያ ነው የምጽፈው። አባባ አሠልጣኝ አድርጎኛል። አገውኛ የምችል ከቤታችን እኔ ብቻ ስለሆንኩ ነው። (ያስተማረችኝን ታውቃለህ፣ ምህረቴ።) ከትምህርት በኋላ ከቀርከሃው አጥር ጀርባ የተዋስናቸውን ልጆች ሰብስቤ ለእያንዳንዱ ስም እሰጣለሁ። ስሙ ሲጠራ «አቤት» ይላል። በቃ፤ ትምህርቱ ይኸው ነው።

ውቤ የሚባል አንድ ጠጉሩ የቆመ ልጅ አስቸገረኝ። ስም አለኝ፣ አባቴ ያወጣልኝ፣ ለምን ምህረቴ እሆናለሁ ይላል። ምህረቴ በጣም ጎበዝ ተማሪ ነው አልኩት። ይገረፋል ወይ አለኝ። አንድም ቀን ተገርፎ አያውቅም ስለው አሰብ አደረገና እሺ አለ። ከዚያ ወዲህ ሌላው ሁሉ ምህረቴ ካልሆንኩ ብሎ አስቸገረኝ።

ጥሩ አሠልጣኝ ነኝ። ነጋ በመስኮት ሲያየኝ እንደ ቄስ አሳልሜ በታተንኳቸው። አልሳቀም። እሱም እንደ አባባ መሳቅ ሊተው ነው።

መጨረሻ ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ ቀረች። ደጊቱ ትባላለች፤ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። ለእሷ ደግሞ አንድ ስም ቀርቶ ነበር። ሰጠኋት። የትኛው እንደሆነ እዚህ መጻፍ አያስፈልግም።

ኅዳር ፳፩፣ ጽዮን ማርያም

ጠዋት ጉሙ ሳይነሣ ልጁ እንደ አንበጣ ወረደ። አንዳንዱ ታቦት ሊሸኝ የመጣ መስሎት ነጠላውን አመሳቅሎ ለብሷል። ወንበር አልበቃ ብሎ መሬት ላይ ቀርከሃ አነጠፍንላቸው። ኢንስፔክተሩ አቶ ውብአየሁ ከዳንግላ በአውቶቡስ መጡ። ወፍራም፣ ገራም፣ ጃንጥላቸውን ከእጃቸው የማይለዩ ሰው። ቆጠራውን የጀመሩት ከጠላው ነው። ጾም ባይሆን ኖሮ ከበጉ ይጀምሩ ነበር።

አባባ ስም ጠራ። «አቤት» እንደ ዝናብ ወረደ። ሁለተኛ ክፍል ላይ አንዱ በሁለት ስም አቤት አለና ራሱን ሲይዝ አየሁት፤ ኢንስፔክተሩ ግን አላዩም። ውቤ ስሙ ሲደርስ ተነሥቶ ቆመ፤ ደረቱን ነፍቶ፣ እንደ ጎበዝ ተማሪ። ግራዝማች ከኢንስፔክተሩ ጎን ተቀምጠው ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። አልተኙም። ተአምር ነው።

ከዚያ የእኛ ክፍል ተራ ደረሰ። አባባ ስሜን ጠራ፣ አቤት አልኩ። ቀጥሎ የካሳነሽን ስም ጠራ።

«አቤት» አለች ደጊቱ፤ ጥርስ ስለሌላት ቃሉ በንፋስ ወጣ።

በሩ ላይ እትዬ እታለማሁ ቆማ ነበር። የካሳነሽ እናት። የማርያም ማኅበር ስላላት ለእንግዳው ድፎ ዳቦ ይዛ መምጣቷ ነው። እንደምትመጣ አላወቅሁም። ማንም አላወቀም። ዳቦውን አልጣለችውም፤ እንደ ያዘችው ገባች። በወንበሮቹ መሃል አለፈች። ኢንስፔክተሩ የምታቀርብላቸው መስሏቸው ሊቀበሏት እጃቸውን ዘረጉ። አልፋቸው ሄደች። ደጊቱ አጠገብ ስትደርስ ቆማ አየቻት።

«አንቺ ነሽ አቤት ያልሽው?» አለቻት፤ በአገውኛ።

ደጊቱ እኔን አየችኝ። እኔ መሬት አየሁ።

እትዬ እታለማሁ የልጅቱን ራስ ዳበሰቻት፤ ዳቦውን ከፊቷ አስቀመጠችላትና ወጣች። አቶ ውብአየሁ ምን ሆነች ብለው ሲጠይቁ ግራዝማች አሟት ነው አሉ። አባባ ቀጣዩን ስም ጠራ። ድምፁ አልተለወጠም። 

ሁለት መቶ ዐሥራ አንድ ሆንን። አቶ ውብአየሁ የአውራጃው ኩራት ናችሁ አሉን።

እኔ እንዲያው የሚያቀልል ነገር ካለ ብዬ ማታ ሁሉ አሰብኩ። ያን ስም ለሌላ ለማን ልሰጠው ነበር? ለወንድ ልጅ አይሰጥ። የለም፤ አባባ ከወረቀቱ ቢያወጣው ኖሮ እኔም አልሰጠውም ነበር። ይህ ይበቃኛል። ለዛሬ ይበቃኛል።

ኅዳር ፳፬

ጠዋት በስም ጥሪ ሰዓት እትዬ እታለማሁ መጣች። ከበሩ ቆመች። አባባ አያትና ካሳነሽን ዘሎ አለፈ። «የኔዋስ?» አለችው።

አባባ ጠራት። ማንም አቤት አላለም። ብዕራችንን እንኳ አላነሣንም። እሺ ብላ ሄደች።

ታኅሣሥ ፪

ዛሬም መጣች። በየቀኑ ትመጣለች። የአባባ ድምፅ እዚያ ስም ላይ ሲደርስ እንደ ተባረረ ፍየል ይሮጣል። ዘበኛው አያ ሀብቱ እንዳትገባ ልከልክላት ወይ ቢል አባባ ጮኸበት። አባባ ጮኾ አያውቅም።

ታኅሣሥ ፲፭

ነጋና አባባ ተጣሉ። ልጆቹ በሙሉ አውድማ ላይ ናቸው፤ በክፍላችን ስምንት ነበርን። እኔ ጥቁር ሰሌዳ እየጠረግሁ፣ ማለትም ምንም ሳልጠርግ፣ የቢሮውን ግድግዳ ተደግፌ ሰማሁ።

ነጋ የሚለው እንዲህ ነው። የሞተውና ያልተወለደው ይሰረዝ። ቆጠራ በሥራ ቀን፣ ሳይነገር ይሁን፤ በአገሩ ሁሉ እንደዚያ ይሁን፤ ያኔ ማንም ከማንም ልጅ አይዋስም። ልጆቹ የሚቀሩት ሰነፍ ሆነው ሳይሆን እህል ስለሚደርስ ነው፤ ስለዚህ የአጨዳ ዕረፍት ይሰጠን ብለን ዳንግላን እንለምን። እውነቱን ከነምክንያቱ እንጻፍላቸው።

አባባ መዝገቡን ከደነ። ከዚያ፣ «ምክንያቱን ማን ያነበዋል ነጋ? የሚያነቡት ቁጥሩን ነው» አለው።

ነጋ፣ ታዲያ ያቺ ሴትዮ በየማለዳው እስከ መቼ ትመጣለች ሲለው አባባ ምን እንደመለሰ አልሰማሁም። ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰምቼ ጥቁር ሰሌዳውን በእውነት መጥረግ ጀመርኩ። አባባ ወጥቶ አጠገቤ ቆመና ንጹሕ ሰሌዳ ለምን ትጠርጊያለሽ አለኝ። እንዲለምድ ነው አልኩት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቅ ነበር፤ ወይም በጆሮዬ ይዞኝ ይስቅ ነበር።

እናቴ ማታ አባትሽ እህል አልቀምስ አለ አለችኝ። የነቢያት ጾም ነው አልኳት። እሱ የሚጾመው ሌላ ነው አለች።

ጥር ፮

ዳንግላ በቁጥራችን ተደስቶ መምህር ሸለመን። ሽልማቱ ከየት መጣ? ከዘንገና በኩል ካለች አንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት ተነሥቶ። የእሷ ዲሬክተር ሞኝ ነው መሰል የበዓል ቀን አያውቅም፤ ያለውን ልጅ ቆጥሮ ጻፈ። አዲሱ መምህር ዛሬ ሦስተኛ ክፍልን ሊያስተምር ገባ። ስልሳ ልጅ አለህ ብለውት ነበር። ዘጠኝ አገኘ። የቀሩት የት ናቸው ብሎ አያ ሀብቱን ጠየቀው። አያ ሀብቱ ለማርያም ይመጣሉ አለው።

ይህን ለማሣቅ ነበር የጀመርኩት። ሰውየው ግን አልሳቀም። እዚያ ጥዬአቸው የመጣሁት ልጆች ሰባ ናቸው፣ ሁሉም በእግራቸው የሚመጡ ነበሩ አለ።

ማን እንዳስለመደኝ አላውቅም፤ ሰው አልሳቀም እያልኩ መጻፍ አብዝቻለሁ።

ጥር ፳፩፣ አስተርእዮ ማርያም

ዳግም ቆጠራ። ዳንግላ ምስጋናውን በቃል ሊያደርስ ፈልጎ አቶ ውብአየሁን እንደገና ላከ፤ ግራዝማችም ቀኑን እንደገና መረጡ። እንደገና አንበጣ፣ እንደገና አቤት። ደጊቱን እናቷ ከለከለቻት፤ እግዜር ይስጣት። የካሳነሽን ስም ሲጠራ የአባባ ልጅ የሆንኩት እኔ፣ በተለወጠ ድምፅ፣ አቤት አልኩ። አባባ በዐይኑ አዞኝ ነበር። እትዬ እታለማሁ በሩ ላይ ነበረች። እኔን አላየችም። የምታየው ከእኔ አጠገብ ያለውን ባዶ ቦታ ነው።

ምሳ ቤታችን ተበላ። ዓርብ በመሆኑ ዶሮዋ ተረፈች። ግራዝማች በሽሮው ላይ አንቀላፉ። እጅ የማስታጥብ እኔ ነበርኩ። አቶ ውብአየሁ እጃቸውን ዘርግተው፣ ልጅ የሻረግ፣ ትምህርት ቤታችሁ ጠበበ፣ ዛሬም እኮ ግማሹ መሬት ላይ ነው የተቀመጠው አሉኝ።

«ማክሰኞ ቢመጡ ወንበር ሞልቷል» አልኳቸው።

እኔ ያልኩት ይህን ብቻ ነው። ስለ ወንበር ነው ያወራሁት። ሰውየው ሣቁ፤ ከዚያ ሣቃቸው እጃቸው ላይ እንዳለው ውሃ ቀስ ብሎ አለቀ። አዩኝ። ፎጣውን ሰጠኋቸው። 

ስለ ወንበር ነው።

ጥር ፳፭፣ ማክሰኞ

መጡ።

ጉም ነበር። አያ ሀብቱ ከአውቶቡሱ የወረደውን ጃንጥላ አይቶ ሮጠና ደወሉን፣ ያንን የመኪና ቸርኬ፣ በድንጋይ ይደበድበው ጀመር። እንዲያው ልጆቹ ከየአውድማው ሰምተው ይመጣሉ ብሎ። ወንዝ ማዶ በበሬ እህል የሚያበራይ አንድ ልጅ ቀና ብሎ አየ። ውቤ ነበር። ከዚያ ወደ በሬዎቹ ዞረ። አያ ሀብቱ አሁንም ይደውላል። አቶ ውብአየሁ ራሳቸው ሄደው እጁን ያዙት።

ከዚያ አባባን ስም እንዲጠራ አዘዙት። ሁሉንም፣ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ። አባባ ጠራ። ምህረቴን ጠራ፤ ጸጥታ። ቀጥሎ ያለውን ጠራ፤ ጸጥታ። ነጋ መስኮቱን እያየ ቆሟል። አዲሱ መምህር ራሱን ይዟል። ኢንስፔክተሩ አይጽፉም፤ ጃንጥላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ያዳምጣሉ። ማቆም ይችሉ ነበር። አላቆሙትም። አባባም ዝለለው ሳይሉት አልዘለለም፤ የፈጠራቸውን ሁሉ በየተራ ጠራ።

የእኛ ክፍል ደረሰ። እትዬ እታለማሁ እንደ ልማዷ በሩ ላይ ነበረች። አባባ «ካሳነሽ» አለና ቆመ። የመነጽሩን መስተዋት በአውራ ጣቱ ጠረገ።

«ይቺ ሞታለች» አለ። «በጥቅምት ሞታለች። ያልሰረዝኳት እኔ ነኝ።»

አቶ ውብአየሁ ሲወጡ በወንበሬ አጠገብ አለፉ። ባዶውን ቦታ አዩ፣ እኔን አዩ፤ እውነትም ሞልቷል አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። ሰማንያ ስድስት ነበርን። አባባ የሰማቸው አይመስለኝም። በሩን ይዞላቸው ነበር።

ጥር ፳፰

ለዳንግላ የነገረው ነጋ ነው ተባለ። ማን እንዳለ አይታወቅም፤ ሁሉም ይላል። ግራዝማች ይህን ሲሉ በደንብ ነቅተው ነበር። ነጋ የተከራየበት ቤት ባለቤት ለልጄ ሠርግ እፈልገዋለሁ ብላ አስወጣችው፤ ልጇ ስድስት ዓመቷ ነው። ገበያ ላይ ድንች የሚሸጥለት ጠፋ። አሁን የሚያድረው አራተኛ ክፍል ውስጥ ነው። አባባ በአጠገቡ ያልፋል፤ ሰላምታ የለም።

ዛሬ ውሃ በሥርቆት አደረስኩለት። አንቺ ታውቂያለሽ ማን እንደነገራቸው አለኝ፤ ሳይቆጣ፣ ሰዓት እንደሚጠይቅ ሰው። እግዜር ያውቃል አልኩት። እግዜርማ አውቆም ዳንግላ አይሄድም አለና ሣቀ። ስንት ጊዜ ሰው ይሣቅ እያልኩ ስፈልግ ከርሜ፣ ዛሬ የሣቀው እሱ ነው።

ነገ እነግራቸዋለሁ። ለአባባ ልንገር? ለነጋ? ለሁለቱም። ነገ።

ጥር ፴

ዛሬ አልሆነም። አባባ ራስ ምታት ነበረው።

የካቲት ፫

ፍርዱ መጣ። አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ከዛሬ ጀምሮ ተዘግተዋል። አባባ ዲሬክተርነቱ ቀርቶ በጥሊሊ በኩል የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ይሆናል። ነጋ እያወቀ አላመለከተም ተብሎ ከጫግኒ ወዲያ ወደ ቆላው ይሄዳል። አላመለከተም! እዚህ አመልክቷል ብለው ያስርቡታል፣ እዚያ አላመለከተም ብለው ይቀጡታል። ከዘንገና የመጣው መምህርስ? ቁጥሩ ውሸት ከሆነ ወደ ልጆቹ ይመለሳል ብዬ ነበር። ወደ ዳንግላ ወሰዱት። እዚያ ሰባ ልጅ በእግሩ እየመጣ የተዘጋ በር ያያል።

የአጨዳ ዕረፍት የሚል ነገር የለበትም። አባባ ልክ ነበር። ቁጥሩን ብቻ ነው ያነበቡት።

የስድስተኛ ክፍል ልጆች ዐሥራ ሦስት ነን። ዳንግላ ዘመድ ያለን ሁለት ብቻ ነን። እኔ አክስቴ ዘንድ ሆኜ እቀጥላለሁ። ዐሥራ አንዱ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ደብተራቸውን ይዘው በየመንገዳቸው ሄዱ። ማንም አላለቀሰም። ውቂያው አላለቀም፤ ቤታቸው ሥራ አለ።

የካቲት ፭

እትዬ እታለማሁ ዛሬም በሰዓቷ መጣች። ክፍሉ ውስጥ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ወንበሮቹን እንድደረድር ታዝዤ። ዛሬ አይጠሩም ወይ አለችኝ። ክፍሉ መዘጋቱን፣ ከእንግዲህ ስም ጥሪ እንደሌለ ነገርኳት።

«እሷንም አይጠሯት?»

ምን ይባላል? እትዬ፣ እሷ እኮ፣ ብዬ ጀመርኩና ተውኩት። እሷ ግን ገባትና ተቀመጠች። የተቀመጠችው የካሳነሽ ቦታ ላይ ነው፤ አውቃ ይሁን ሳታውቅ እንጃ። መጀመሪያ የመጣሁት ላሳፍራችሁ ነበር አለችኝ። የሞተች ልጄን ለቁጥር ስትሉ ስትጠሯት፣ እኔም በራችሁ ላይ ቆሜ ላሳፍራችሁ ብዬ ነበር። ኋላ ግን ሌላ ሆነ። ቤት ውስጥ ስሟን የሚያነሣ የለም። አባቷ እንዳያስለቅሰኝ ይፈራል፤ ጎረቤቱም ይፈራል። ስሟን የሚጠራልኝ አባትሽ ብቻ ነበር አለች።

ልጠራላት አፌን ከፈትኩ። አራት ፊደል ብቻ ያለው ስም ነው። አልወጣልኝም። እኔ፣ ምላሷ ከእግሯ የሚቀድም የተባልኩት። ጠብቃኝ ጠብቃኝ ተነሣችና፣ ይሁን፣ እደጊ ብላኝ ወጣች።

ከአሁን በኋላ ጠዋት የት ትሄዳለች?

የካቲት ፮፣ ቅዳሜ

ነጋ ዛሬ ይሄዳል። ሣጥኑን የሚሸከምለት አጥቶ ራሱ እየጎተተ ወደ መንገዱ ሲወርድ ከመስኮት አየሁት። ከረባቱን አስሯል። ወደ ጫግኒ የሚሄደው የጭነት መኪና እህል እየጫነ ነው፤ አሁንም ጡሩምባው ይሰማል። ግራዝማች ከሽማግሌዎቻቸው ጋር ዋርካው ሥር ቆመው ሊያዩት መጥተዋል። እኔ ክፍላችን ውስጥ ነኝ። ወንበሮቹን ደርድሬ ጨርሻለሁ። ምንም ሥራ የለኝም።

እንግዲህ ማንም ስለሌለ አንዴ በቀጥታ ልጻፈው። ለኢንስፔክተሩ የነገርኩት እኔ ነኝ። ነጋ አይደለም። ስለ ወንበር አልነበረም።

ለምን አደረግሁት? እውነት ለመናገር ብዬ ነው ብል ደስ ባለኝ። የዘንገና ልጆችን አስቤ ነው ብልም ያምርብኛል። ስለ ካሳነሽ ነው ብል ግን ያን ቀን አቤት ያልኩላት እኔ ነኝ፤ ስሟን ለደጊቱ የሰጠሁትም እኔ ነኝ። ምናልባት ምላሴ በላኝ። ምናልባት አንድ ትልቅ ሰው ሲደነግጥ ለማየት። እውነት ብናገር ሁሉ ነገር ይስተካከላል ብዬ ነበር፤ ማን እንዳለኝ እንጃ። አሁን አባባ ጥሊሊ፣ ነጋ ቆላ፣ ዐሥራ አንዱ አውድማ፣ እትዬ እታለማሁ የትም። እኔ ዳንግላ፣ በአክስቴ ቤት፣ በአዲስ ደብተር።

መኪናው ድጋሚ ነፋ። ከዚህ እስከ መንገዱ ብሮጥ እደርሳለሁ። በሁሉም ፊት፣ በግራዝማችም ፊት፣ እሱ አይደለም እኔ ነኝ ብል ቢያንስ ድንች የከለከሉት ሰዎች ራሳቸውን ያያሉ። ከዚያ ግን አባባ ይሰማል። ገና ጊዜ አለ። ይህን መስመር ጨርሼ እነሣለሁ። ይኸው፣ ሞተሩን አስነሣው። እነሣለሁ፤ አሁን

ጥላ ገጹ ላይ ወደቀ። አባባ ነው፤ ሳሉን አውቀዋለሁ። ከመቼ ጀምሮ ከኋላዬ እንደቆመ አላውቅም። ደብተሩን ልሸፍነው አልቻልኩም፤ እጄ መጻፉን አልተወም። ሊወስድብኝም እጁን አልዘረጋም። እያነበበ ነው፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል፤ እዚህ ደርሷል።

«የሻረግ» አለኝ።